በዘራችሁ አለ?

የታናሽ እህቴ ሽማግሌ የተላከ ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ከአባቴ ጋር ሲነጋገሩ የልጁ አክስት እኔ ቡና ወደማፈላበት ጓዳ ገቡ። በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እናታችሁን እግዜር ይማራት» አሉ። አሜን አልኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲያው አትቀየሚኝና ልጄ፣ ነገሩ በዘራችሁ አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የበሽታውን ስም አልጠሩትም። እማዬ ከዚያ ጓዳ አንድ ግድግዳ ወዲያ ተኝታ ነበር።

«የለም» አልኩ። ጀበናውን አወረድኩና ቡናው እስኪሰክን ዓይን ዓይናቸውን ሳላይ ጠበቅኩ።

ሴትዮዋን ክፉ ናቸው ብዬ አስቤ አላውቅም። ዘር በሚቆጠርበት አገር ያደጉ ናቸው። ጋብቻ ሲታሰብ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይኬዳል፤ ከዝምድናው ጋር ሌላም ነገር አብሮ ይጠየቃል። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ ሥጋ ደዌ። ሥጋ ደዌን የሚያመጣው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ኖርዌይ ውስጥ ታይቷል። እኛ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን «በዘር ነው» እያልን ስንት ልጆችን ከትዳር አስቀርተናል። እናም የሴትዮዋ ጥያቄ አላስቆጣኝም። የከነከነኝ የእኔ መልስ ነው። «የለም» ስል ምን እንደተጠየቅኩ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። «ዘር» ገበሬው የሚበትነው ነው፤ ዘር ትውልድም ነው። ሳይንሱ ጂን የሚለውን፣ በሴል ውስጥ የተጻፈውን ትእዛዝ «ዘረመል» ስንልም ዘር ከፊቱ አለ። ስለዚህ አንድ ሐኪም በቴሌቪዥን ቀርቦ «ካንሰር የዘረመል በሽታ ነው» ሲል፣ አማርኛ የሚሰማ ጆሮ ወዲያው «ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የምሰማው።

ሐኪሙ ልክ ነው፤ የጡት ካንሰር ሁሉ የዘረመል በሽታ ነው። ከወላጅ የሚወረሰው ግን ከ100 ታማሚዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። በቀሩት ላይ ስሕተቱ የሚፈጠረው እዚያው ጡት ውስጥ ነው። አንዲት ሴል ስትከፈል ሃያ ሺህ ገደማ የሚሆነውን ዘረመሏን ትገለብጣለች፤ ስትገለብጥ ትሳሳታለች፤ አብዛኛው ስሕተት ይታረማል፤ ጥቂቱ ያመልጣል። ካመለጠው ውስጥ «ተከፈይ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያበዛ ወይም «በቃሽ» የሚለውን የሚያጠፋ ሲገኝ፣ ያቺ ሴል ከጎረቤቶቿ ትለያለች። በዓመታት ውስጥ ስሕተት በስሕተት ላይ ይደራረባል። ይህ ለውጥ ማህፀን ውስጥ ላለ ልጅ አይተላለፍም። ከታማሚዋ ጋር ይኖራል፣ ከታማሚዋ ጋር ይቀበራል። ዘረመል ነው፤ በእኛ አነጋገር «ዘር» ግን አይደለም።

ይህን የሚነግረን ሰው ያስፈልገን የነበረው በ2006 ዓ.ም. ነበር።

እማዬ ያኔ 49 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታህል ነገር አገኘች፤ ለማንም ሳትናገር ቆየች። መጀመሪያ «ጾሙ ይፈታ» አለች፣ ከዚያ «ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው» አለች። ለእኔ ስታሳየኝ ሽንብራዋ ሎሚ አክላለች። ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር መሆኑ ተነገረን፣ ጡቷ ተነሳ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ ያንኑ ናሙና ሌላ ላቦራቶሪ ወስደን እንድናስመረምር አዘዘ። ገንዘብ አሰባስበን ወሰድን፤ ከሳምንታት በኋላ አንዲት ገጽ ወረቀት ተሰጠን። ኢስትሮጅን ሪሴፕተር፣ ፖዘቲቭ። ፕሮጀስትሮን ሪሴፕተር፣ ፖዘቲቭ። ሄር ቱ፣ ኔጋቲቭ። ሐኪሙ ወረቀቷን አይቶ ፋይሉ ውስጥ ከተታት፤ ከኋላው ሰልፉ ረጅም ነበር። ኮፒዋን እማዬ ከእድር ደብተሯ ጋር በፕላስቲክ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠቻት። እዚያው ሰባት ዓመት ተቀመጠች።

ያቺ ወረቀት ዕጢው ውስጥ የትኛው ዘረመል እየሠራ እንደሆነ የምትናገር ወረቀት ነበረች። የጡት ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። ሄር ቱ የሚባለው ዘረመል በጤነኛ ሴል ውስጥ በሁለት ቅጂ ይገኛል። በአንዳንድ ዕጢዎች ውስጥ ግን ቅጂው ይባዛል፤ ሴሏም ያለማቋረጥ እንድትከፈል ትነዳለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ዴኒስ ስላመን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የ189 ሴቶችን ዕጢ መርምሮ፣ ቅጂው የበዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚመለስባቸውና ዕድሜያቸውም እንደሚያጥር አሳየ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ያው ዘረመል የሚሠራውን ፕሮቲን የሚይዝ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ትራስቱዙማብ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ከሁሉ ክፉ ይባል የነበረው ዕጢ መድረሻ ያለው ዕጢ ሆነ። መድረሻው ለእኛ አገር ቤተሰብ ኪስ ሩቅ መሆኑ ደግሞ ሌላ ሕመም ነው።

ሪሴፕተር ማለት ሴሏ መልእክት የምትቀበልበት ወንበር ነው። ሦስቱም ሪሴፕተር የሌለበት ዕጢ አለ፤ ፈጥኖ ያድጋል፣ የሚያዝበት እጀታም ጥቂት ነው። የእማዬ ግን ከዚህም ከዚያም አልነበረም። እሷ የነበራት በዓለም ላይ ከአሥር ሴቶች ሰባቱ ገደማ የሚያገኛቸው፣ ኢስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ነው። ኢስትሮጅን ሴሉ ውስጥ ይገባል፣ ሪሴፕተሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ተያይዘው ዘረመሉ ላይ ሄደው «ተከፈይ» የሚሉትን ትእዛዞች ይከፍታሉ። ታሞክሲፈን የሚባለው ኪኒን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሄዶ ያንን ወንበር ይይዛል። ኢስትሮጅን ሲመጣ መቀመጫ ያጣል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው፤ ቦታ መያዝ። ቦታ የሚይዝ ሰው ደግሞ ተነሥቶ ከሄደ ቦታው ይወሰዳል።

ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያኔ ባውቀው ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት ነግቶብኛል።

ኬሞው አለቀ። ስምንት ዙር ነበር፤ ፀጉሯ ረግፎ ነበር፣ ጥፍሯ ጠቁሮ ነበር፣ ምግብ ይሸታት ነበር። ሲያልቅ ቤቱ ሁሉ ተነፈሰ። ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፤ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ እልል አለች። ለእኛ ሕክምናው ያለቀው ያን ዕለት ነው። በየቀኑ ለአምስት ዓመት የምትዋጠው ኪኒን፣ ታሞክሲፈን፣ በዓይናችን የምትሞላ አልነበረችም። ያን ሁሉ መከራ ያደረሰባት ኬሞ ትልቁ መድኃኒት፣ ይቺ ደግሞ እንደ ቫይታሚን ያለች ምርቃት መሰለችን። ኪኒኗ ግን ለእማዬ ቀላል አልነበረችም። ሙቀት ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷን ያነደው ነበር፣ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርስ ነበር፣ ጉልበቷን ይቆረጥማት ነበር። አንዳንድ ወር ደግሞ ከፋርማሲ ትጠፋለች። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ እማዬ በራሷ ፈቃድ አቆመች። «ደህና ነኝ እኮ፤ ደህና ሰው መድኃኒት ይውጣል?» አለች። እኔ ያላለቁትን ፓኬቶች የቅመም ዕቃዎቹ ጀርባ አገኘኋቸው። አየሁ፣ መልሼ አስቀመጥኳቸው፣ ዝም አልኩ። ስቃይዋን አይቼ ራርቼላት ነው ዝም ያልኩት። ራሴን የምከስስበት ጉዳይ ይህ ነው።

ለአምስት ዓመት ሙሉ የተወሰደ ታሞክሲፈን፣ ዕጢያቸው ኢስትሮጅን ሪሴፕተር ባለው ሴቶች ላይ በሽታው የመመለስ ዕድሉን በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በ15 ዓመት ውስጥ በበሽታው የመሞትን ዕድል ደግሞ በሲሶ ገደማ። ይህ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ሴቶች ላይ ተደጋግሞ የታየ ነው። እማዬ ብትጨርሰው ትድን ነበር ማለት አልችልም፤ ማንም አይችልም። ግን ምን እያቆመች እንደነበረ ልታውቅ ይገባት ነበር። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ማብራሪያ ነው። ወንበር አለ፣ ይቺ ኪኒን ትይዘዋለች፣ አትነሣ። እማዬ ሞኝ ሴት አልነበረችም። የእድር ሒሳብ በቃሏ የምትይዝ ሴት ነበረች።

በ2013 ዓ.ም. ወገቧን ያማት ጀመር። ብርድ ነው አልን፤ ወጌሻም አሻት። ክረምቱ ወጥቶ ሕመሙ አልወጣም። ምስሉ ሲነሣ አከርካሪዋና የዳሌ አጥንቷ ላይ ነበር። «ከሰባት ዓመት በኋላ? የት ነበረ?» አለ አባቴ። ጥያቄው ትክክል ነው። ይህ ኢስትሮጅን የሚመገበው ዓይነት ካንሰር ጠባዩ እንዲህ ነው። ሦስቱም የሌለበት ዕጢ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው፤ ይሄኛው ግን ይተኛል። ዕጢው ተቆርጦ ከመውጣቱ በፊት ያመለጡ ጥቂት ሴሎች አጥንት ውስጥ ገብተው ሳይከፈሉ ሳይሞቱ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1889 ስቲቨን ፓጀት የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሰብስቦ አየ። በሽታው የተሠራጨው እንዲሁ በዘፈቀደ አልነበረም። ጉበትና አጥንት ላይ በብዛት አገኘው፤ ብዙ ደም የሚያልፍበት ጣፊያ ላይ ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ የካንሰር ሴል እንደ ዘር ነው አለ፤ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን የሚስማማው አፈር ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ወንጌሉ ትዝ አለኝ፤ በመንገድ ዳር የወደቀው፣ በጭንጫ ላይ የወደቀው፣ በእሾህ መካከል የወደቀው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ቃሉ እንዲበቅል የምንጸልይበት ምሳሌ ነው። የእናቴን አከርካሪ መልካም መሬት አድርጌ ማሰብ ግን ከበደኝ።

ዘሩም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ዕጢ ውስጥ ያሉት ሴሎች ከአንዲት እናት ሴል ይምጡ እንጂ፣ በጊዜ ብዛት እንደ ወንድማማች ቤት ይከፋፈላሉ፤ አንዱ የራሱን ስሕተት ይዞ በዚያ ይሄዳል፣ ሌላው በዚህ። ኢስትሮጅን የሚመገቡ ዕጢዎች ውስጥ ከአሥሩ በአራቱ ገደማ ፒክ ስሪ ሲኤ የተባለ ዘረመል ተለውጦ ይገኛል፤ ሴሏን «ብዪ፣ እደጊ» እያለ የሚገፋ ነው። በክፉዎቹ ዕጢዎች ውስጥ ደግሞ የተበላሸች ሴል ስታይ «ቁሚ» ወይም «ሙቺ» የሚለው ዘበኛ፣ ፒ 53፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነው። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ኢኤስአር 1 ነው። ይህ የዚያ ወንበር ዘረመል ነው። ሰውነት ውስጥ ያለውን ኢስትሮጅን የሚያደርቀውን ሕክምና ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሴቶች ላይ አንዳንድ ሴሎች ይህን ዘረመል ይለውጡታል፤ ወንበሩ ማንም ሳይቀመጥበት ሰው እንደተቀመጠበት ሆኖ ይሠራል። ሕክምናው የሚችላቸውን ይገድላል፣ ያልቻላቸው ይቀራሉ፣ ይራባሉ። ለዚህ ነው በሽታው ሲመለስ አዲስ ናሙና መውሰድ የሚያስፈልገው፤ የተመለሰው ከሄደው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ሐኪሟ ይህን ጠይቆን ነበር። እማዬ «ደግሞ መርፌ?» አለች፤ እኛም አልገፋንም።

በዚያው ሰሞን ነው ያቺን ወረቀት ከእድር ደብተሩ ጋር አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ያነበብኳት። ያገኘሁትንም ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ካነበብኩት ውስጥ ለእኛ አገር ሴቶች ሁሉ በጡሩምባ ቢነገር የምወደው አንድ ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ «የጥቁር ሴት የጡት ካንሰር ሪሴፕተር የሌለው፣ ክፉው ዓይነት ነው» ሲባል ቆይቷል፤ አሜሪካ ያሉ ጥቁር ሴቶች ላይ ይህ ዓይነት ከነጮቹ እጥፍ ገደማ ስለሚታይ ነው። ሊሳ ኒውማን የተባሉ አሜሪካዊት ቀዶ ሐኪም የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ግን ጋናንና ኢትዮጵያን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ከተመረመሩት የጋና ሴቶች ከግማሽ በላይ ሦስቱም ሪሴፕተር የሌለበት ዕጢ ነበራቸው፤ ከኢትዮጵያውያቱ ግን 15 በመቶ ብቻ፣ ከነጭ አሜሪካውያን ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በ352 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናትም ከመቶ 65ቱ ኢስትሮጅን ሪሴፕተር ያላቸው መሆኑን አሳይቷል። በባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙት ሰዎች አብዛኞቹ የምዕራብ አፍሪካ ልጆች ናቸውና፣ የእነሱ ደም ወደ ጋና እንጂ ወደ እኛ አይመራም። «አፍሪካዊት» የሚለው ቃል ለዘረመል በጣም ሰፊ ነው።

የተጠኑት ጥቂት መቶ ሴቶች ናቸው፤ ስለ አገሩ ሁሉ አይናገሩም። ቢሆንም የሚያመለክቱት ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። ከእኛ ሴቶች የብዙዎቹ ዕጢ የሚሰማ ዕጢ ነው። የሚሰማውም ርካሽ የሆነች፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለች ኪኒን ነው። በውድ መድኃኒት እጦት የምትሞት ሴት ታሳዝነኛለች። ርካሹ በእጇ ሆኖ ምን እንደሆነ ሳይነገራት የቀረች ሴት ግን ታስቆጣኛለች። እናቴ ስለሆነች ብቻ አይደለም።

እማዬ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አረፈች።

የእህቴ ሠርግ ከዚያ በፊት ሆኖ ነበር፤ እማዬም ተደግፋ መርቃታለች። ከተዝካሩ በኋላ እኔና እህቴ ለምርመራ አብረን ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ እንደ ልጁ አክስት በለሆሳስ ሳይሆን በግልጽ ጠየቀችን። በቤተሰባችሁ ሌላ የጡት ካንሰር የያዘው ሰው አለ? ከ50 ዓመት በታች? የእንቁላል ማቀፊያ ካንሰርስ? ወንድ ሆኖ ጡቱን የታመመ? እነዚህ የውርሱ ምልክቶች ናቸው። «የለም» ልላት አፌን ከፈትኩና ጓዳው ትዝ አለኝ።

የሚወረሰው እውነት ነው፤ ጥቂት ነው እንጂ። ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ብዙ ሰው የጡት ካንሰርን ያህል ውስብስብ በሽታ በአንድ ዘረመል አይወረስም ሲል፣ ለ17 ዓመት ያህል በሽታው የተደጋገመባቸውን ቤተሰቦች ሐረግ ሲከታተሉ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1990 ቦታውን 17ኛው ክሮሞሶም ላይ አመለከቱ። ብራካ 1 የሚባለው እሱ ነው። ብራካ 2 በ13ኛው ላይ ቆይቶ ተገኘ። ሁለቱም ሥራቸው የተበጠሰ ዲኤንኤ መጠገን ነው። ከሁለት ቅጂ አንዱን ተበላሽቶ የወረሰች ሴት ካንሰርን አልወረሰችም፤ የወረሰችው የጠጋኝ እጥረት ነው። ያም ሆኖ እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከመቶ 70 ይጠጋል። ደግሞም የተበላሸውን ቅጂ ወንድም ይሸከመዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሳይታመም፣ ሳያውቀው፣ ለእያንዳንዱ ልጁ ግማሽ በግማሽ ዕድል ያስተላልፈዋል። ሐኪሟ ይህን አስረድታን «የእናታችሁ አባት ወገንስ?» አለችን። አናውቅም። የደም ምርመራው ውጭ አገር ተልኮ እንደሚሠራና ዋጋውንም ነገረችን፤ መጀመሪያ ግን ታሪኩን ሰብስቡ አለች።

መንዝ ያሉትን የእማዬን አጎት ደወልኩላቸው። የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል። «አባባ፣ ዘራችንን ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰባቱን ቤት እንደ ዳዊት ወረዱት፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሌን ወለደ። እኔ እየጻፍኩ ነበር። ሲጨርሱ ወረቀቴን አየሁት፤ አንዲት ሴት የለችበትም።

«ሴቶቹስ አባባ?»

«ሴቶቹማ አግብተው ሄዱ» አሉ።

ምን እንደምፈልግ በሚገባቸው ቋንቋ ለመናገር ሞከርኩ። ጡቷን የታመመች፣ ወይም ሆዷ አብጦ በልጅነቷ የሞተች ሴት በቤቱ ነበረች ወይ? «እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘር የለም» አሉ ቆጣ ብለው። እኔ ጓዳ ውስጥ ያልኩትን ነው ያሉት፤ ድምፁም አንድ ነው። አልተጨቃጨቅኩም። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መልሰው ደወሉ። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ይሆናል፤ ሰላምታም አላስቀደሙም። «ታላቅ እህት ነበረችን» አሉ። «ሁለተኛዋን ልጅ እንደወለደች ደረቷ ቆሰለ። ሰው እንዳያያት ጋቢ ተከናንባ ትውል ነበር። ቡዳ ነው ተባለ፣ ጠበል ተወሰደች። ዓመትም አልቆየች።»

ስሟን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ከአያቴ ስም ጎን፣ ቦታ ስላልነበረ ጠርዙ ላይ ጻፍኩት።

«ልጆቿስ?»

«ሁለቱም ሴቶች ናቸው። አንዷ ወደ ሸዋሮቢት እንዳገባች ሰምቻለሁ፤ ሌላዋን አላውቅም።» ትንሽ ዝም አሉ። «አጠይቅልሻለሁ» አሉኝ።